«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ ስሙ የሚናገረው ስለ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ፣ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋል። 25 ዙር ሮጦ በደረት የሚያሸንፍ ሰው ስሙ «ኃይሌ» ሲሆን፣ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ከአፉ ምን እንደሚወጣ መገመት አያስቸግርም፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል።

አነጋገሩ የሚነሣው ስምና ባለስም ሲገጥሙ ነው። በዋዛ ይባል እንጂ የያዘው ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ ስም እንዲሁ መጥሪያ ሳይሆን የሰውየው እውነተኛ መግለጫ ነው፣ ወላጅም ሳያውቀው ከላይ የተላከለትን ተናገረ እንጂ አልመረጠም ይላል። ትዕግሥት የተባለች ሴት ሰልፍ ረዝሞባት ስትጮህ ግን መልአኩን የሚያነሣ የለም። የገጠመውን እንቆጥራለን፣ ያልገጠመውን እናልፋለን፤ አነጋገሩም በዚህ ዕድሜ ያገኛል።

መልአኩ ከየት መጣ ለሚል መጽሐፍ ቅዱስ ቅርብ ነው። ገብርኤል ለዘካርያስ የሚወለደውን ልጅ ስም አስቀድሞ ነግሮታል። ዘመድ አዝማድ ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠራው ሲል፣ አንደበቱ የተዘጋው አባት ብራና ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ። «ይሁን» አላለም፣ «ነው» አለ። የአጋር ታሪክ ደግሞ ከዚህ ለየት ይላል። በምድረ በዳ ያገኛት መልአክ ልጇን እስማኤል እንድትለው ያዛታል፤ «እግዚአብሔር ይሰማል» ማለት ነው። የተሰማው ግን የማን መከራ ነው? ልጁ ገና አልተወለደም። ስሙ የተሸከመው የእናቲቱን ታሪክ ነው።

የእኛም ቤት ስሞች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ምትኩና ካሳ ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ ለተወለደ ልጅ ይወጣሉ፤ ማስረሻም ሐዘን እንዲያስረሳ። ጡት የሚጠባው ሕፃን የማንም ምትክ መሆኑን አያውቅም። ስሙን ሰምተን የምናውቀው እርሱን ሳይሆን ያ ቤት ምን እንደደረሰበት ነው። ይህን እያወቅንም ስምን እንፈራለን። የክርስትና ስሙን መተት እንዳይሠራበት ብሎ ለባዕድ የማይነግር ሰው አለ፤ ክፉውንም ነገር «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብለን እናልፈዋለን። ስሙን የነካ ነገሩን የነካ ይመስለናል።

ክርክሩ አቴና ላይም ነበር። ፈላስፋው ፕላቶን በጻፈው ምልልስ ክራቲለስ ስም ከነገሩ ባሕርይ ይመነጫል ሲል፣ ሄርሞጌኔስ የሰዎች ስምምነት ብቻ ነው ይላል። ክራቲለስም ሰው ሁሉ ቢጠራህ እንኳ ስምህ ሄርሞጌኔስ አይደለም ብሎታል። ስሙ የሄርሜስ ዘር ማለት ነው፤ ሄርሜስ የትርፍ አምላክ፣ ሰውየው ግን ገንዘብ የማይበረክትለት። መልአኩ ቤት ተሳስቶ መሆን አለበት።

ስም ከባለስሙ ይልቅ ስለ ሰያሚው እንደሚናገር እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን ሐዳር ላይ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር የተገኙት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩት አጥንቶች በመዝገብ ላይ ኤ.ኤል. 288-1 ናቸው፤ ፊደሎቹ የአፋርን ሥፍራ ያመለክታሉ። በተገኙበት ምሽት በቁፋሮው ሠፈር ከቴፕ ይሰማ በነበረ፣ ሉሲን በሚጠራ የቢትልስ ዘፈን ምክንያት ሉሲ ተባሉ። እኛ ድንቅነሽ አልናቸው። ቁጥሩ የመዝጋቢውን ሥርዓት ይነግረናል፣ ሉሲ የዚያን ምሽት ደስታ፣ ድንቅነሽ የእኛን አድናቆት። ሳይንሳዊው ስምስ? እ.ኤ.አ. በ1978 ዝርያዋ አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ ተባለ። የፊተኛው ቃል «ደቡባዊ ዝንጀሮ» ማለት ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ለተገኘው የታውንግ ሕፃን ለተባለው ጥንታዊ የራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ ስም ነው። የኋለኛው «የአፋር» ይላል፤ ለዝርያው መለያ ናሙና ሆኖ የተመዘገበው ግን ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ ላይ የተገኘ የታችኛው መንጋጋ ነው። ደቡብ የሚለው ስም አፋር ወጣ፣ አፋር የሚለው ስም ታንዛኒያ ወረደ። ያም ሆኖ አንዱ ተመራማሪ ናይሮቢ፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆነው ይህን ቃል ሲጠሩ ስለ አንድ ነገር እያወሩ መሆናቸውን ያውቃሉ። ስሙ አጥንቱን አይሥለውም፤ ቦታውን ይይዝለታል።

አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የገባ ጎብኚ መስታወቱ ፊት ቆሞ ለልጁ «ይቺውና ድንቅነሽ» ይላል። የሚያሳየው ቅጂውን ነው። ዋናዎቹ አጥንቶች በግምጃ ቤት ተቆልፎባቸዋል።