የክርስትና ስሙ ማን ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ለዓመታት ሳፍርበት የኖርኩትን ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የደብረ ዘይት እሑድ፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አንድ አባት ዘንድ ቀረብኩ። በጦርነት የሞተ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለመንኳቸው። ወረቀት አወጡና «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ አብረን ተቀምጠናል፣ ደብተሩን ገልብጫለሁ፣ ምሳውን በልቻለሁ፣ የእጅ ጽሑፉን ዛሬም ባየው እለየዋለሁ። የክርስትና ስሙን ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ሲጀመር ግንቦት 1990 ነበር። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ጭንቀታችን ሁሉ ማትሪክ ነው። ለፈተናው ጉርድ ፎቶ ስለተባልን አብረን ፎቶ ቤት ሄድን። እዚያ ለደንበኛ የሚሰቀል አንድ ጥቁር ኮት ነበር። መጀመሪያ እሱ ለበሰው፣ ከዚያ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። ውጤት ሲመጣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ እሱ ነጥብ አልመጣለትም። ቀበሌ ሄዶ ተመዘገበ። ዳቦ ቆሎ ተሰንቆለት ወደ ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ሄደ። አልሸኘሁትም።

በመጋቢት 1991 ጾረና ግንባር ወደቀ። በዚያ ዓመት ደብረ ዘይት የዋለው መጋቢት 5 ቀን ነው። የዕለቱን ወንጌል ታውቁታላችሁ፣ ማቴዎስ 24፣ ስለ ጦርነትና ስለ ጦርነት ወሬ የሚናገረው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ያንን ስሰማ እሱ እሳቱ ውስጥ ነበር። መርዶው ግን ቆይቶ ነው የመጣው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። በፎቶው ፊት ተለቀሰ።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ የንጉሥ ሳኦል ቁባት የነበረችው ሪጽፋ ናት። በ2ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ታገኟታላችሁ፤ ስለ እሷ ስብከት ስሰማ እምብዛም አላስታውስም፣ ለምን እንደሆነም አይገባኝም። በረሃብ ዘመን ንጉሥ ዳዊት አሳልፎ ሰጥቷቸው ሁለት ልጆቿ ከሌሎች አምስት ጋር ተሰቀሉ። እሷ ማቅ ወስዳ ዓለቱ ላይ አነጠፈች፣ ከመከር መጀመሪያ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስም እዚያው ቆየች። ቀን አሞራ፣ ሌሊት አውሬ እንዳይነካቸው ጠበቀች። ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች? ልጆቿን አታስነሳም፣ ንጉሡን አትከስም። ያደረገችውን ዳዊት ሰማ። የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከኢያቢስ ገለዓድ አስመጣ፤ የተሰቀሉትንም አጥንት ሰበሰቡ። ልብ በሉ፣ ዮናታን እኮ የዳዊት የልብ ጓደኛ ነው። ሲሞት አልቅሶለታል፣ ሙሾ አውርዶለታል። አጥንቱ ግን እስከዚያ ቀን በሌላ አገር ነበር። ዳዊትን ያነቃችው ሬሳ የምትጠብቅ አንዲት እናት ናት። መጽሐፉ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የቀረበውን ልመና የሰማው ከዚያ በኋላ ነው ይላል።

እኔም እንደ ዳዊት በወጉ አልቅሻለሁ። ፎቶውን አይቼ ተክዣለሁ፣ ጓደኞች ስንገናኝ ስሙን አንስተን ዓይናችን እንባ ሞልቷል። ግን ትዝታ ብቻውን መታሰቢያ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን በስማቸው ነው የምታስበው። በፍትሐቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ፣ ካህኑ የሚያነሣው በአርባ ቀኑ ከጥምቀት የወጣበትን ስም ነው። ሰው በጦር ሜዳ ቁጥር ይሆናል፣ በዜና ላይ «በሺዎች የሚቆጠሩ» ይባላል። እግዚአብሔር ፊት ግን አንድ በአንድ ነው። በኢሳይያስ 49 እናት ልጇን ብትረሳ እንኳ እኔ አልረሳሽም፣ በእጄ መዳፍ ቀርጬሻለሁ ይለናል።

ሌላም ነገር አለ፣ ሳልናገረው ባልፍ ይከብደኛል። ከጾረና ማዶ የወደቀው ልጅም እናት አለችው። ለእሱም ፍትሐት የተደረገው በዚያው በግዕዝ፣ በዚያው ዜማ ነው። የእኛን ልጅ ስም ስናስጠራ ስማቸውን የማናውቃቸውን የወዲያ ማዶዎቹንም እናስብ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ያለቁትንም እንዲሁ፤ ዛሬ ሃያዎቹ ውስጥ ያላችሁ ልጆች ዴስክ የተጋራችሁት ልጅ አለ። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ሂዱና ጠይቁ።

እኔ የሄድኩት በዚያው ሳምንት ነው። እናቱ አርጅተዋል፣ ግን በድምፄ ለዩኝ። ግድግዳው ላይ ያ ጉርድ ፎቶ ትልቅ ተደርጎ፣ በመስታወት ተሰቅሏል። ያንን ጥቁር ኮት ለብሷል። እኔ ቤት ያለው ፎቶዬ ላይ እኔም ያንኑ ለብሻለሁ።

ቡና አፈሉ። ጥቂት ቆይተው «ንስሐ ሳይገባ ነው እኮ ልጄ የሞተብኝ» አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የበላቸው እሱ ነበር። ምን ልበላቸው? እንደ ካህን የምናገረው የለኝም። «እማማ፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ሰዓት ነበረው?» አልኳቸው። በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። እኔ ስልኬ ላይ ስጽፍ ደግመው ደጋግመው ጠሩት። ለራሳቸው ይመስለኛል።

ልሄድ ስነሣ እጄን ያዙኝ። «የአንተስ ማን ነው? ሁልጊዜ የልጄ ጓደኛ እያልኩ ነው የምጸልይልህ» አሉኝ።