«ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ጉልበት አለው» ለምትሉኝ

ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ውስጥ ልጆች አርዱዊኖና ማይክሮቢት (በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች) ይዘው ይመጡልኛል። «ጋሼ፣ ኮዱ እምቢ አለ» ይላሉ። አገላብጬ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ደህና ነው። ጥፋቱ ከጎን የተሰካችው አራት ማዕዘን ድንጋይ ነው። ደክሞኛል።

ጥቃቅኖቹን ላስቀድም።

«2 አምፔር ቻርጀር ቦርዱን ያቃጥላል።» አያቃጥልም። ቦርዱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል። የሚያቃጥለው ያልሆነ ቮልት ነው።

«ፓወር ባንኩ ተበላሽቷል፣ ራሱ ይጠፋል።» ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ከረንት በጣም ካነሰ ስልኩ የሞላ መስሏቸው ይዘጋሉ። ማይክሮቢት የሚፈልገው ጥቂት ነው። ሁለት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ባለ 9 ቮልቷ። «9 ከዩኤስቢው 5 ቮልት ይበልጣል፣ ስለዚህ ትበረታለች» ነው ሒሳቡ። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ግፊት አለው። ቱቦው የስክሪብቶ ቀፎ ካከለ ግን ባልዲ ቶሎ አይሞላም። የዚች ድንጋይ ነገርም እንደዚያ ነው። ውስጧ ስድስት ጥቃቅን የ1.5 ቮልት ድንጋዮች ተደርድረዋል። አልካላይን ብትሆን እንኳ የምትይዘው 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ደብል ኤ አልካላይን 2000 ያልፋል። በዚያ ላይ የተለመደው የአርዱዊኖ ቦርድ፣ ኡኖ R3፣ 9ኙን ወደ 5 ሲያወርድ አራቱን ቮልት ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል።

ትንሿ ሰርቮ (በታዘዘችው ልክ የምትዞር ሞተር) ስትነሳ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ትጠይቃለች። ቮልቱ ይወድቃል። ቦርዱ ጠፍቶ ይነሳል። ኮዱ ከ«ሀ» ይጀምራል፣ ሰርቮዋም እንደገና ትነሳለች። ልጁ ይህን አይቶ ኮድ ሲሰርዝ ያድራል!

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ራሱ የሚከፈት የቆሻሻ ቅርጫት ሠርታ ኮምቦልቻ ልታሳይ ነበር። ሦስት ሌሊት ኮድ ስትቀያይር ከርማ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ቴስተር ሰካሁ፤ 9 ገደማ ይላል። ክዳኑ ሊከፈት ሲል ከ5 በታች ወረደ። «አብሽሪ፣ ኮድሽ ምንም አልሆነ» አልኳት። ሰርቮዋን ለብቻዋ በአራት ደብል ኤ ድንጋይ አስነሳናት። ቦርዱን ከላፕቶፕ ዩኤስቢ ሰካነው። ክዳኑ ያን ቀን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ዋለ።

ሦስት ነገር እንዳትረሱ። የአራቱ ድንጋይ ኔጌቲቭ ከቦርዱ ግራውንድ («GND» ከሚለው መሰኪያ) ጋር ይገናኝ፤ ካልተገናኘ ሰርቮዋ ትንቀጠቀጣለች። ፖዘቲቩን ግን ኡኖ ላይ «5 ቮልት» ከሚለው ጋር አታገናኙት፤ አራት አዲስ ድንጋይ 6 ቮልት ያልፋል፣ ቺፑ የተሠራው እስከ 5.5 ነው። ሞተርንም በቀጥታ ከፒን (ኮዱ ከሚያዘው የቦርዱ መሰኪያ) አታስነሱ። የኡኖ R3 ፒን በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ነው።

ወላጆች፣ ሌላ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር ግዙላቸው። የሚለኩትም ሰርቮዋ ስትዞር ይሁን እንጂ ቆማ ሳለች አይደለም።