የዳዳብ የስደተኞች መጠለያና የኬንያ የጸጥታ ክርክር

ዳዳብ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ በጋሪሳ ካውንቲ፣ ከሶማሊያ ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ስብስብ ነው። የሲያድ ባሬ መንግሥት በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወድቅ ከእርስ በርስ ጦርነቱ የሸሹ ሶማሌዎችን ለማስጠለል ኢፎ፣ ዳጋሃሌይና ሐጋዴራ የተባሉት ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ሲታቀዱ 90 ሺህ ሰው እንዲይዙ ነበር፤ በ2011 ድርቅና ረሃብ ሶማሊያን ሲመታ ግን የነዋሪው ቁጥር ከ460 ሺህ አለፈ። ቁጥራቸው ከሶማሌዎቹ እጅግ ያነሰ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም ይኖሩበታል።

ኬንያ ለሶማሌዎች ያላት ጥርጣሬ ከመጠለያው በዕድሜ ይበልጣል። አገሪቱ በ1963 ነጻ ስትወጣ የሰሜን ምሥራቁ ሶማሌዎች ከሶማሊያ ጋር ለመቀላቀል ያነሱት ጥያቄ እስከ 1967 በዘለቀው የሽፍታ ጦርነት ተደመደመ፤ አካባቢውም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሲተዳደር ቆየ። ስደተኞቹ የሰፈሩት እንግዲህ ዜጋው ራሱ በማይታመንበት ምድር ላይ ነው።

የመንግሥት የጸጥታ ስጋት ግን መሠረት የሌለው አልነበረም። በጥቅምት 2011 ሁለት ስፔናውያን የእርዳታ ሠራተኞች ከዚያው ከዳዳብ ታፍነው የተወሰዱ ሲሆን፣ በቀናት ልዩነት የኬንያ ጦር አልሸባብን ለመውጋት ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ገባ። አልሸባብም በመስከረም 2013 በናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎችን፣ በሚያዝያ 2015 ደግሞ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎችን ገደለ። ባለሥልጣናቱ ጥቃቶቹ የሚወጠኑት በመጠለያው ውስጥ ነው አሉ። ተቺዎች በበኩላቸው ማስረጃው የታለ ሲሉ ጠየቁ፤ ከጋሪሳ ገዳዮች አንዱ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ፣ የኬንያ መንግሥት የአካባቢ ሹም ልጅ ሆኖ መገኘቱም ክርክራቸውን አጠናከረላቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፖሊሲ ጥቃትን እየተከተለ የሚወጣና በፍርድ ቤት የሚገታ ሆነ። ከዌስትጌት ሁለት ወር በኋላ ኬንያ፣ ሶማሊያና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የመመለስ ስምምነት ተፈራረሙ። በ2014 ሶማሌዎች በብዛት በሚኖሩበት በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር በተካሄደ አፈሳ የተያዙ ብዙ ሰዎች በካሳራኒ ስታዲየም ታጎሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጸደቀው ሕግ በአገሪቱ የሚኖሩት ስደተኞች ከ150 ሺህ እንዳይበልጡ ቢደነግግም፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2015 መጀመሪያ ድንጋጌውን ሻረው። ከጋሪሳው እልቂት በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ኮሚሽኑ ዳዳብን በሦስት ወር እንዲዘጋ፣ አለዚያ መንግሥት ስደተኞቹን ራሱ እንደሚያዛውር አስታወቁ፤ ሦስቱ ወር አለፈ፣ መጠለያው ግን አልተዘጋም።

ከሁሉ የጠነከረው ውሳኔ የግንቦት 2016ቱ ነው። መንግሥት የስደተኞች ጉዳይ መምሪያን አፍርሶ ዳዳብን እንደሚዘጋ ሲያውጅ፣ ባለሥልጣናቱ ባለጸጋ አገሮች ሶርያውያንን ከደጃቸው እየመለሱ ኬንያን ሊወቅሱ እንደማይችሉ ተከራከሩ። ነቀፋው ለአውሮፓ የሚገባት ቢሆንም ለስደተኛው መልስ አልነበረም። በየካቲት 2017 ዳኛ ጆን ማቲቮ ውሳኔው አንድን ቡድን ለይቶ የሚያሳድድ፣ አድሏዊና ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብለው ሻሩት። በ2021 መንግሥት ሌላ የመዝጊያ ቀጠሮ ቢቆርጥም ይኸኛውም ሳይፈጸም ቀረ።

በዚያው በ2021 መጨረሻ ግን አዲስ የስደተኞች ሕግ ወጣ። ሕጉ የሥራ መብትን የሚያሰፋ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ2019 (በራሷ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም.) ካወጣችው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ጋር በአቅጣጫ ይመሳሰላል። ይህን ተከትሎ መጠለያዎቹን ስደተኛና ነባር ነዋሪ አገልግሎት ወደሚጋሩባቸው ሰፈራዎች ለመለወጥ የተነደፈውን የሺሪካ ዕቅድ በመጋቢት 2025 ያስጀመሩት፣ ከአሥር ዓመት በፊት የሦስት ወር ገደብ ያስቀመጡት ሩቶ ናቸው፤ አሁን በፕሬዚዳንትነት።

ተቃውሞው አሁን በአብዛኛው ከነባር ነዋሪዎች የሚመጣ ሲሆን ጥያቄውም ስለ መሬት፣ ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ ነው። በድርቅ ዘመን ራሽንና ሕክምና ለማግኘት ሲሉ በስደተኛነት የተመዘገቡ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያን ሶማሌዎችም አሉ፤ የጣት አሻራቸው በስደተኞች መዝገብ ላይ ስለሚገኝ በገዛ አገራቸው የዜግነት መታወቂያ ለዓመታት ተከልክለዋል።