ቲቪቲ ምንድን ነው? የሚተላለፈው ራሱ ካንሰሩ ነው

በውሻ ብልት ላይ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ሲነኩት የሚደማ እብጠት በታየ ቁጥር “የአባላዘር በሽታ ነው፣ አንቲባዮቲክ ይበቃዋል” የሚል መካሪ አይጠፋም። የባሰው “ካንሰር ስለሆነ ይገደል” ይላል። ይህ እብጠት፣ ማለትም ቲቪቲ፣ ካንሰርነቱ እውነት ነው፤ ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገረው ግን ባክቴሪያም ቫይረስም ሳይሆን ሕያው የካንሰር ሴል ነው።

ቁልቋልን አስቡ። ተገንጥላ የወደቀች ቅጠል ሥር ስትሰድ የሚበቅለው ልጅ አይደለም፤ ያው የመጀመሪያው ተክል ነው። ዛሬ የምናየው ቲቪቲም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከነበረ አንድ ውሻ ዕጢ ሲገነጠል የመጣ ቅጥያ ነው። ምልክቱም የክሮሞዞም (የዘረ መል ተሸካሚ) ቁጥሩ ነው፦ የውሻ ሴል 78 ሲኖረው የዕጢው ከ57 እስከ 64 ነው። በመገናኘት ብቻ ሳይሆን በመላስና በማሽተትም ስለሚተከል አፍንጫና አፍ ላይም ይበቅላል። ሰውን አይዝም።

“ቆርጦ ማውጣት ነው” ለሚሉትም መልሱ ከቁልቋሉ አይርቅም፦ ፍርፋሪ ከቀረ፣ ወይም በዚያው ጓንትና ቢላ ጤነኛ ሥጋ ከተነካ፣ እንደገና ይበቅላል። ማኮላሸትም የበቀለውን አይነቅልም።

የሚነቅለው ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነው፤ በሳምንት አንዴ በደም ሥር፣ በኪሎ 0.025 ሚሊግራም። ለ20 ኪሎ ውሻ 0.5 ሚሊግራም መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ከ4 እስከ 8 መርፌ ባለው ይድናሉ። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል ካልገባ ሌላ እግር ይፈለግ፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ያበሰብሳል። ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ካኑላው በኖርማል ሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) ይታጠባል። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ደም ይመርመር፤ ነጭ የደም ሴል በማይክሮሊትር ከ4,000 በታች ከወረደ ከ3 እስከ 4 ቀን ይጠበቃል። ነፍሰ ጡር ሴት መድኃኒቱንም የውሻውን ሽንትም አትንካ። ባለቤቶች በብዛት የሚሳሳቱት እብጠቱ እንደሟሸሸ፣ ገና ሳይጠፋ፣ መምጣት ሲያቆሙ ነው።

በሴት ውሻ የሚንጠባጠበው ደም ብዙ ጊዜ “ወንድ ፈልጋ ነው” ተብሎ ይታለፋል። ሳምንታት ካለፉትና ካላቆመ፣ ከእብጠቱ በመስታወት ላይ ተነክቶ የተወሰደ ናሙና ማይክሮስኮፕ ሥር ይታይ።

ደግሞ “የጎረቤት ውሻ በአምስት መርፌ ዳነ” ብሎ ለሁሉም ካንሰር ተስፋ መስጠት ሌላው ስሕተት ነው። ቪንክሪስቲን ለሊምፎማም (ለሊምፍ ሴሎች ካንሰር) ይሰጣል፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተደርቦ እብጠቱን ያጠፋዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በወራት ውስጥ ይመለሳል። እዚያ የሚገዛው ጊዜ ነው፤ ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ አይጀመር።