የሴት ተማሪዎች ስፖርት በሐረማያና በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሴት ተማሪዎች ስፖርት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው አንጋፋው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲና በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ሐረማያ፣ ያኔ ዓለማያ፣ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተጸነሰ ነው። ትምህርቱ መጀመሪያ ጅማ ላይ ተጀምሮ በኋላ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ግቢውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። የኦክላሆማ ሰዎች ይዘው የመጡት ማስተማርን፣ ምርምርንና የገበሬ ኤክስቴንሽንን ያጣመረ አሠራር ለአገሪቱ ግብርና ያበረከተው ብዙ ነው። የሴቶች ስፖርትን በሚመለከት ግን ከዚያ በኩል የሚወረስ ነገር እምብዛም አልነበረም። ለዚህም ምክንያት አለው። የኦክላሆማ ውል በ1960 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አሜሪካውያን «ታይትል ናይን» የሚሉት ሕግ የጸደቀው ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ሕጉ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት መርሐ ግብር በጾታ ማግለልን ይከለክላል። ስፖርት የሚል ቃል እንኳ የለበትም፤ ሆኖም የአሜሪካን ኮሌጆች ሜዳ የለወጠው እሱ ነው። ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራቸው ኤንሲኤኤ ራሱ የሴቶች ሻምፒዮና ማካሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981–82 የውድድር ዘመን ነበር። እንግዲህ ዓለማያን የመሠረተው ኮሌጅ ያን ጊዜ በገዛ አገሩም ለሴቶች እኩል ሜዳ የመስጠት ግዴታ አልነበረበትም። እርሻ የወንድ ሙያ ተደርጎ ይታይ በነበረበት ዘመን ሴት ተማሪዎችም ጥቂት ስለነበሩ፣ አሥራ አንድ ተጫዋች አሟልቶ ቡድን ማቋቋም ቀላል አልነበረም።

በደርግ ዘመን በእድገት በሕብረት ዘመቻ ትምህርት ተቋርጧል፤ ኮሌጁም በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነትና የድጋፍ እርምጃ መብት ደንግጓል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል። የድጋፍ እርምጃው በተግባር ጎልቶ የሚታየው መግቢያው በር ላይ ነው፤ ለሴቶች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ በመወሰን። ከገቡ በኋላም «ፊዚካል ፊትነስ» የተባለውን የአንደኛ ዓመት ኮርስ ወንዱም ሴቷም እኩል ይወስዳሉ። ከክፍል ውጭ ያለውን፣ ማለትም ሜዳው በስንት ሰዓት ለማን እንደሚሰጥ፣ አሠልጣኝና ትጥቅ እንዴት እንደሚከፋፈል ግን ኮርሱ አይነካውም። አሜሪካውያኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ታይትል ናይን ባወጡት ማብራሪያ የሴት ተጫዋቾች ድርሻ ከተመዘገቡት ሴት ተማሪዎች ድርሻ ጋር መመጣጠኑን አንዱ መለኪያ አድርገውታል።

በድሬዳዋ ነገሩን የሚያከብደው ፀሐይዋ ነች። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ መቆም አይቻልም፤ ለልምምድ የሚመቸው ከአሥራ አንድ ሰዓት እስኪጨልም ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ያችን ሰዓት የወንዶቹ ቡድን ከያዛት ለሴቶቹ የሚተርፈው ወይ እኩለ ቀን ወይ ጨለማ ነው። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ስለሆነች በዚህ ረገድ የታደለች ናት፤ በእርግጥ የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረበት ጊዜ የውኃ ችግሩ ከልምምድ በኋላ ሻወር ለሚፈልግ ሁሉ የታወቀ ነበር።

በሁለቱም ግቢዎች ብዙ ሙስሊም ተማሪዎች አሉ። በሂጃብ መጫወት ለረጅም ጊዜ የውድድር ደንብ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል፤ እግር ኳስ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቅርጫት ኳስ በ2017 የራስ መሸፈኛ በይፋ ፈቅደዋል። አሁን የቀረው ጥያቄ ረጅም እጅጌና ሱሪ ያለው ማሊያ ማን ይግዛው የሚለው ነው፤ ተማሪዋ በራሷ ገንዘብ ካልገዛች ከበጀት መውጣት አለበት።

ታላላቅ ሴት አትሌቶቻችን በአብዛኛው የወጡት ደሞዝ ከሚከፍሉ ክለቦች እንጂ ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አይደለም። በእግር ኳስም ድሬዳዋ ከተማ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የሚወዳደር ቡድን አላት። ስለዚህ ጎበዝ የሆነች ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ክለብ ብትመርጥ አይፈረድባትም፤ ክለቡ ደሞዝ ይከፍላታል፣ ግቢው ግን ልምምዱን ከፈተና ጋር እንድታጣጥም ይጠብቅባታል።