ተረትን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ማንበብ ምንድን ነው?

አንዳንድ ሰዎች በአምላክ መኖር አያምኑም፤ ነገር ግን የሃይማኖትን ዝምታ፣ አብሮ መቀመጡን፣ ራስን መመርመሩን መተው አይፈልጉም። እንዲህ ያሉ ሰዎች አፈ ታሪክን ወይም ምናባዊ ልቦለድን መርጠው በሥርዓት ደጋግመው ሲያነቡት፣ ያ «እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ማንበብ» ይባላል። ታሪኩ በእውን መፈጸሙን መቀበል አይጠበቅባቸውም።

በሰፊው የታወቀው ምሳሌ ከሃርቫርድ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት የወጡት ቫኔሳ ዞልታንና ካስፐር ተር ካይል እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት፣ ሃሪ ፖተር የተባሉትን ምናባዊ ልቦለዶች ምዕራፍ በምዕራፍ የሚያነብ ፖድካስት ነው። ዞልታን አምላክ የለም የምትል አይሁዳዊት ናት። አንድን ጽሑፍ ቅዱስ የሚያደርጉት እምነት፣ ጥብቅነት (በትጋትና በሥርዓት ደጋግሞ ማንበብ) እና ማኅበር ናቸው ትላለች። «እምነት» ስትል የሃሪ ፖተር ደራሲ አትሳሳትም ማለቷ አይደለም፤ ጽሑፉ ጊዜ ለሰጠው ሰው የሆነ ነገር መልሶ ይሰጣል ማለቷ ነው።

ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ከገዳም የመጣ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ካርቱሲያን በሚባለው የካቶሊክ ገዳማዊ ማኅበር የነበረው መነኩሴ ጊጎ ዳግማዊ «ሌክቲዮ ዲቪና» (በላቲን «መለኮታዊ ንባብ») የሚባለውን የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ በአራት ደረጃ ከፈለው፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ ተመስጦ። ዛሬ አምላክን ሳይጠሩ የሚያነቡት ሰዎች አራቱን ደረጃዎች ወደ አራት ጥያቄዎች ቀይረዋቸዋል።

በተግባር እንየው። ሦስት ወይም አራት ሰው፣ አርባ ደቂቃ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩን ዓይን ጨፍኖ ጣት በማሳረፍ መምረጥ ይሻላል፤ የወደድነውን ከመረጥን ድሮም የምናውቀውን ነው የምናገኘው። የእንጀራ ልጇ አልቀርብሽ ያላትን ሴት ተረት እንውሰድ። ሽማግሌው «የአንበሳ ጸጉር አምጪ» ይላታል፤ እሷም በየቀኑ ሥጋ እያቀረበች አውሬውን ታላምደዋለች። ጣታችን እዚህ ላይ አረፈ፦ «ሥጋውን አስቀምጣ ወደ ኋላዋ ተመለሰች።»

መጀመሪያ፣ ምን እየሆነ ነው? የመጀመሪያው ቀን ነው። አንበሳው ሩቅ ነው፤ ሴትዮዋ ምንም አላገኘችም፤ ሥጋው ሲበላም አላየችም። ከዚህ ያለፈ ነገር አይነገርም። ሁለተኛ፣ ምን ያስታውሳል? አንዱ የቆሎ ተማሪን ያነሳል፦ እሱም ውሻ እየፈራ ደጅ ይቀርባል፣ ግን ለመቀበል ነው፤ እሷ ለመስጠት። ሦስተኛ፣ በኔ ሕይወት የት አለ? መልስ ለማይሰጥ ወንድም በየሳምንቱ የሚላክ አጭር መልእክት ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ ምን ላድርግ? «ታጋሽ እሆናለሁ» አይበቃም። «እሁድ እደውላለሁ፣ የገንዘቡን ነገር ግን አላነሳም» ይበቃል። በየጥያቄው መካከል ዓረፍተ ነገሩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንደገና ይነበባል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። የዚህን ተረት ምክር ሁሉም ስለሚያውቀው አንዱ ፈጥኖ «ትዕግሥት ነው!» ይልና ንባቡ እዚያው ያልቃል። መድኃኒቱ ወደ ሥጋው መመለስ ነው፦ ለምን ቆማ አላየችም?

ሌላው ስሕተት ንባቡን እንደ ሰምና ወርቅ መያዝ ነው። በቅኔ ወርቁን ባለቅኔው አውቆ ደብቆታል፤ ሰሚው ፈልጎ ያገኘዋል። እዚህ ግን ማንም የደበቀው ነገር ስለሌለ «ትክክለኛው ፍቺ የቱ ነው?» የሚለው ክርክር ሰዓት ይበላል። ከኛ ልማድ የሚቀርበው የአንድምታ ትርጓሜ ነው፤ «አንድም» እያለ ፍቺን በፍቺ ላይ ይደርባል። ልዩነቱ አንድምታ የቤተ ክርስቲያንና የመምህር አጥር አለው። እዚህ አጥሩ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው፤ ከቃላቱ ጋር የማይያያዝ ሐሳብ ያመጣ ሰው «የትኛው ቃል ላይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ጥያቄ የሚፈራ ማኅበር ቶሎ ወደ ወሬ ይገባል።

የጽሑፉ ምርጫም ይወስናል። ሦስቴ ሲነበብ የሚያልቅ ታሪክ አይሆንም፤ የሚያናድድ ገጸ ባሕርይ ያለበት ግን ይመረጣል። አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይሰጥም፤ ሃያ ደቂቃ ታግሎ ዝም ካለ ደብተር ላይ ገልብጦ መተው ነው። በሌላ ሳምንት ከሌላ ገጽ ከመጣ ዓረፍተ ነገር ሥር ሲጻፍ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ይናገር ይሆናል።