ከ33 ክሬዲት 6 ቀረልኝ፦ ስለ ኦንላይን ኮሌጅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በሌሊት ፈረቃ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ሐሳቤ አንድ ነው፤ ነርስ መሆን። ሌሊት ሥራ፣ ቀን ደግሞ ልጅ ለሚጠብቃት ሴት ቤት ተቀምጠው የሚማሩት ኮሌጅ ከሰማይ የወረደ መፍትሔ ይመስላል። ማስታወቂያውን ስልኬ ላይ አይቼ ቁጥሬን ሞላሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተደወለልኝ። በዚያው ሳምንት ተመዘገብኩ። ዓመት ከመንፈቅ ተምሬ 33 ክሬዲት ካጠራቀምኩ በኋላ፣ ነርሲንግ ወደሚያስተምር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመዛወር ትራንስክሪፕቴን አስላክሁ። የተያዘልኝ 6 ክሬዲት ብቻ ሆነ።

የተማርኩበትን ኮሌጅ ስም አላነሳም። የማነሳው ያሳሳተኝን አስተሳሰብ ነው፤ ምክንያቱም ያንኑ አስተሳሰብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በሥራ ቦታ፣ ቡና ላይ ዛሬም እሰማዋለሁ። አብዛኛው የሚያወራውም እንደ እኔ ሌሊት ሠርቶ ቀን መማር የሚፈልግ ወገን ነው።

«እውቅና እስካለው ድረስ ክሬዲቱ የትም ይሠራል»

የደወለችልኝን ሴት መጀመሪያ የጠየቅኋት ይህንኑ ነበር። «አዎ፣ አክሬዲትድ ነን» አለችኝ። አልዋሸችም። ስህተቱ እኔ ቃሉን የተረዳሁበት ላይ ነው። አክሬዲቴሽን ማለት አንድ መርማሪ ድርጅት ኮሌጁን አይቶ «መስፈርቴን ያሟላል» ብሏል ማለት ነው። ያንን ድርጅት የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ከሆነ፣ ተማሪው የመንግሥት እርዳታና ብድር ማግኘት ይችላል። ሌላ ኮሌጅ ክሬዲታችሁን እንዲቀበል ግን አያስገድድም። የሚቀበለውም የሚጥለውም ተቀባዩ ኮሌጅ ነው፤ ኮርስ በኮርስ እያየ።

በዚህ ላይ አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ «ሪጅናል» (የአካባቢ) እና «ናሽናል» (አገር አቀፍ) የሚባሉ ሁለት ዓይነት እውቅናዎች ነበሩ። ለጆሮ ናሽናሉ የሚበልጥ ይመስላል፤ ክሬዲት ለማዛወር ግን ሚዛን የሚደፋው ሪጅናሉ ነው። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ልዩነቱን ከደንቡ ቢያወጣውም ብዙ ኮሌጆች ትራንስክሪፕት ሲመረምሩ አሁንም ያዩታል።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ቢሮ ያስተናገደችኝ ሴት ትራንስክሪፕቴን አትማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እንግሊዝኛ ላይ ምልክት አደረገች። ሳይኮሎጂ ላይ ምልክት አደረገች። ባዮሎጂ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አንስታ «ይሄ ላብራቶሪ ነበረው?» አለችኝ። አልነበረውም። ቪዲዮ አይተን ጥያቄ መልሰን ነው ያለፍነው። ሰረዘችው። «የኮሌጅ ስኬት መግቢያ» የሚለውን፣ «የጤና ድርጅቶች አመራር» የሚለውን፣ ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዘች። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። እኔ ግን የማየው እያንዳንዱ መስመር የወሰደብኝን ሌሊት ነበር።

የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ለትርፍ ከተቋቋመ የግል ኮሌጅ ወደ መንግሥት ኮሌጅ የተዛወሩት ጥቂት ቢሆኑም ያጡት 94 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ያገኘሁት ከተጎዳሁ በኋላ ነው። የእኔ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ የገባኝም ያኔ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችሁን ለሚሸጠው ሳይሆን ለሚቀበለው አቅርቡ። መጨረሻ ላይ መድረስ የምትፈልጉበትን ኮሌጅ መርጣችሁ ለመዝገብ ቢሮው በኢሜይል ጻፉ፦ «ከዚህ ኮሌጅ፣ የዚህ ቁጥር ኮርስ፣ ለዚህ ፕሮግራም ይያዝልኛል ወይ?» በቃል የተነገራችሁ መልስ ሰው ሲቀየር ይጠፋል፤ የተጻፈው ይቀራል። ዲግሪውን ይዞ አገር ቤት ለመሥራት ለሚያስብም ያው ነው። የውጭ አገር ዲግሪን አቻነት የሚወስነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው።

«ጤና ነክ ዲግሪ እስከሆነ ድረስ ነርስነት ያደርሳል»

ይህ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ውስጥ በጤና ሥራ የታችኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ለመውጣት የሚጥር ሰው ብዙ ነው። የተመዘገብኩት «ጤና አስተዳደር» ነበር። ደዋይዋ «ጤና ዘርፍ ውስጥ በር ይከፍትልሻል» አለችኝ፤ እኔ የሰማሁት «ነርስ ያደርግሻል» ብዬ ነው።

እውነታው ይህ ነው። የተመዘገበ ነርስ ለመሆን ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ለፈተናው የሚያስቀምጠው ደግሞ የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ የሚቀበለው የነርሲንግ ትምህርት ነው። ያ ትምህርት በአካል ታካሚ አጠገብ የሚሠራ ልምምድ አለው። ጤና አስተዳደር፣ ሕዝብ ጤና፣ ሜዲካል ቢሊንግ (የሕክምና ክፍያ ሒሳብ) የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ለኤንክሌክስ ግን አያስቀምጡም። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚሰጥ ደህና የነርሲንግ ዲግሪ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ግን አብዛኛው አስቀድሞ ላይሰንስ ላላት ነርስ፣ ወደ ባችለር ለማሳደግ የተዘጋጀ ነው።

በአቋራጭ የሄዱም አሉ። በጥር 2023 የፌዴራል መንግሥት «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» ብሎ ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማዎች መሸጣቸው ተነግሯል። ከዚያ በኋላ በእነዚህ ዲፕሎማዎች የተገኙ ላይሰንሶች በተለያዩ ስቴቶች ተነጥቀዋል። «ክላስ ሳትገቢ በጥቂት ወር ይጨርሱልሻል» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ሽሹ።

የስቴታችሁ የነርሲንግ ቦርድ ያጸደቃቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ያወጣል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ያንን አምስት ደቂቃ ባጠፋ ኖሮ ዓመት ከመንፈቅ ይተርፈኝ ነበር።

«ኦንላይን ስለሆነ ከሥራ ጋር ቀልሎ ይሄዳል»

ሒሳቡን እንሥራው። በፌዴራሉ መለኪያ አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ በግል ጥናት፣ ለ15 ሳምንት ገደማ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ 135 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ብዙ ኦንላይን ኮሌጆች ይህንኑ በ8 ሳምንት ይጨርሱታል፤ ያ በሳምንት 17 ሰዓት ያህል ነው። ሁለት ኮርስ አንድ ላይ ሲወሰድ 34 ሰዓት። እኔ 40 ሰዓት እየሠራሁ ሁለት ኮርስ ነበር የምወስደው። ይህን ሒሳብ ማንም አልሠራልኝም፤ እኔም አልሠራሁትም።

የሳምንቱ ጽሑፍ የሚዘጋው እሁድ፣ እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። አንድ እሁድ በእረፍት ክፍላችን፣ ማይክሮዌቩ አጠገብ ቆሜ በስልኬ እየጻፍኩ፣ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከአንዲት እናት ክፍል ጥሪ መጣ። ሄድኩ። አንሶላ ቀይሬ፣ አጥቤ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ ገጹ ተዘግቷል። ይህ ሆኖ ያን ሁሉ የጻፍኩትን የሚያነብ ሰው ቢኖር ባልቆጨኝ። በዚያ ኮርስ ከመምህሩ በስምንቱም ሳምንት ያገኘሁት አስተያየት አንድ ነው፦ «ጥሩ ሥራ፣ ቀጥዪበት!» ያልተነበበ ጽሑፍ ላይ እንደተለጠፈ ያወቅሁት በስህተት የሌላ ኮርስ ጽሑፌን የላክሁ ጊዜ ነው። ያን ጊዜም «ጥሩ ሥራ» ነበር።

ይህ እንደ ኦንላይን ወግ መታየት የለበትም። በፌዴራሉ ደንብ የርቀት ትምህርት ለመባል መምህሩ ከተማሪው ጋር በየጊዜው፣ ትምህርቱን በሚመለከት ቁም ነገር መገናኘት አለበት። ያ ከሌለ ኮርሱ በደብዳቤ እንደሚሰጥ ትምህርት ነው የሚቆጠረው። እናም መምህሩ እንዲያስተምራችሁ መጠየቅ ልመና አይደለም።

«መንግሥት ከከፈለው ነጻ ነው»

ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞልተን የምናገኘው ሁሉ አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደለም። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት እርዳታ አይመለስም፤ ለ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ብድሩ ግን ብድር ነው፤ ሰብሲዳይዝድ ያልሆነው (እየተማራችሁ መንግሥት ወለዱን የማይከፍልላችሁ) ደግሞ ወለዱ መቆጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ነው። ክፍያው ተሸፍኖ የተረፈ ብለው 1,800 ዶላር ሲልኩልኝ ስጦታ መስሎኝ የቤት ኪራይ ከፈልኩበት። ከብድሬ ላይ የተቆረጠ ነበር።

ፔል ራሱም ያልቃል። በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው። በማይያዝ ክሬዲት ላይ የዋለው አይመለስም፤ እኔ አሁን ለነርሲንግ የቀረኝ በዚያው ልክ አንሷል።

«ካልተመቸኝ መግባት አቆማለሁ፤ በራሱ ይሰረዛል»

አይሰረዝም። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ያቋረጠ ተማሪ፣ ኮሌጁ ያልተሠራበትን የእርዳታ ድርሻ ለመንግሥት ይመልስና ጉድለቱን ከተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። ከመንግሥት ብድር የተለየ፣ ለኮሌጁ የሚከፈል ዕዳ ነው። የኮርሱ ገጽ ላይ ገብቶ መውጣት ብቻም እንደተማራችሁ አያስቆጥርም። ማቋረጥ ካለባችሁ በጽሑፍ አቋርጡ፣ ቀኑንም ያዙ። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሚወስደው ክሬዲት ከግማሽ በታች ከወረዳችሁበት ቀን ጀምሮ ብድሩን ለመክፈል ያላችሁ ፋታ ስድስት ወር ነው፤ ብትመረቁም ባትመረቁም።

«ተታልዬም ቢሆን ዕዳው የእኔ ዕጣ ነው»

የፌዴራል ብድር ያለበት ሰው፣ ኮሌጁ ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ክሬዲት መዛወር ወይም ስለ ላይሰንስ አሳስቶት ከሆነ «ቦሮወር ዲፌንስ» በሚባለው መንገድ ዕዳው እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ትምህርቱ ደካማ ነበር ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የተነገራችሁ የተሳሳተ ነገር መኖር አለበት። ኢሜይል፣ የስልክ መልእክት፣ የማስታወቂያ ፎቶ አታጥፉ። ኮሌጁ ተዘግቶባችሁ ከሆነም ሌላ መንገድ አለ።

ባዶ ተስፋ አይደለም። ለትርፍ የተቋቋሙት ኮሪንቲያን ኮሌጆች በሚያዝያ 2015 ከተዘጉ በኋላ፣ በ2022 የ560,000 ተበዳሪዎች 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ እንዲሰረዝ ተወስኗል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስም ማስታወቂያዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ለተማሪዎቹ ሥራ ያዘጋጁ አስመስለዋል ተብሎ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን በታኅሣሥ 2019 በ191 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል፤ ከዚያ ውስጥ 141 ሚሊዮኑ ተማሪዎች ለኮሌጁ የነበረባቸው፣ የተሰረዘላቸው ዕዳ ነበር። ማመልከቻው ነጻ ነው። «እኛ እናሰርዝልሃለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስሙ።

«እንግዲህ ኦንላይን ሁሉ ሌብነት ነው»

ይህን የምሰማው ደግሞ የእኔን ታሪክ ከሰሙት ነው፤ እሱም ስህተት ነው። እዚሁ ሜሪላንድ የስቴቱ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ግሎባል ካምፓስ ከ1947 ጀምሮ ሠራተኛና ወታደር ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ትምህርቱ በኦንላይን ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም ብዙ ኮርስ በኦንላይን ይሰጣሉ።

እኔም አሁን አናቶሚን ቅዳሜ ጠዋት በአካል፣ ከላብራቶሪ ጋር፣ ስታቲስቲክስን ደግሞ በኦንላይን እየወሰድኩ ነው፤ ሁለቱም ለነርሲንጉ እንደሚያዙ በጽሑፍ ተረጋግጦልኝ። ባለፈው ሳምንት ከፈረቃ ስወጣ የስታቲስቲክስ መምህሬ ፈተናዬ ላይ የሳትኳቸውን አራት ጥያቄዎች፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አንድ በአንድ ጽፋ ልካልኝ አገኘሁ። መኪናዬን ሳላስነሳ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት።